ለማሽኑ ያልተተወ ውሳኔ

አዲስ ስዊች ከካርቶኑ ወጥቶ ሶኬት ላይ ሲሰካ ማንም ሳይነካው ሥራ ይጀምራል። ኮምፒውተሮቹ በኬብል ይያያዛሉ፣ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ኢሜይል ይገባል፣ ፕሪንተሩም ያትማል። ብዙ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የኔትወርክ ባለሙያ ምን እንደሠራላቸው ማየት የሚቸግራቸው ለዚህ ነው፤ ሰውዬው ከመምጣቱ በፊትም ይሠራ ነበር፣ ከሄደ በኋላም ይሠራል። እኔ ግን የአንድን ባለሙያ እጅ ለመመዘን ስፈልግ ኮንፊገሬሽኑን ከፍቼ የማነበው አንድ ነገር ፍለጋ ነው፦ ሰው ዝም ቢል ማሽኑ ለብቻው ይወስናቸው ከነበሩት ነገሮች ውስጥ የትኞቹን ቀድሞ ወሰናቸው?

በጣም ግልጹ ቦታ ስፓኒንግ ትሪ ነው። አንዱ መስመር ቢበጠስ ሌላው እንዲተካ ተብሎ ስዊቾች በሁለት መንገድ ይያያዛሉ። ያኔ ክብ ይፈጠራል። ለሁሉም የተላከ አንድ መልእክት በክቡ ውስጥ እየተባዛ ይዞራል፤ የሚያስቆመው ነገር ስለሌለ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ኔትወርኩን ያንቀዋል። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ስትሠራ ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን መላ አበጀችለት፦ ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን ሥር አድርገው ይመርጡታል፣ ወደ ሥሩ የሚወስደውን አጭሩን መንገድ ብቻ ይተዉና ትርፉን ይዘጋሉ። መንገዱ ሲበጠስ የተዘጋው ይከፈታል።

ምርጫው ላይ ነው ጉዱ። ስፓኒንግ ትሪ የሚያውቅ ስዊች ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው የቅድሚያ ቁጥር 32768 ነው፤ ትንሽ ቁጥር ያለው ያሸንፋል፣ እኩል ከሆኑ ደግሞ ትንሹ ማክ አድራሻ፣ ማለትም ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው መለያ ቁጥር፣ ይወስናል። ትንሽ ማክ አድራሻ ያለው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ የተገዛው አሮጌ ዕቃ ነው። ስለዚህ ማንም ምንም ካልጻፈ፣ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር አቧራ የጠጣው ስዊች የሕንፃው ሁሉ እምብርት ሆኖ ያርፋል፤ ውዱ አዲሱ ስዊች ሰርቨር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የእሱን ትእዛዝ ይጠብቃል። ጥሩ ባለሙያ ለዋናው ስዊች 4096፣ ለተጠባባቂው 8192 ይሰጣል። ለምን ዜሮ አልሰጠም? ዜሮም ይፈቀዳል። ነገር ግን ነገ ሌላ ትልቅ ስዊች ቢመጣ፣ ነባሮቹን ሳይነካ ከሁሉም በላይ የሚያስቀምጥበትን ክፍተት መተዉ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ የጻፈውን ሰው ሳላውቀው እወደዋለሁ።

የሠራተኞች ፖርት ላይም የእጁ ልክ ይታያል። በቀድሞው አሠራር ኮምፒውተር ሲከፈት ፖርቱ ክብ አለመኖሩን እስኪያጣራ 30 ሰከንድ ያስጠብቃል፤ 15 ለማዳመጥ፣ 15 ለመማር። በዚህ መሀል ኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ ጠይቆ መልስ ያጣል፣ ሠራተኛውም «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይደውላል። ፖርትፋስት የሚባለው ትእዛዝ ይህን ጥበቃ ያስቀራል። አዋቂው ግን አጠገቡ ቢፒዲዩ ጋርድን ሳይጽፍ አያልፍም፤ አንዱ ሠራተኛ ከቤቱ ስፓኒንግ ትሪ የሚያውቅ ስዊች አምጥቶ ቢሰካ ፖርቱ ወዲያው ይዘጋል። ፍጥነቱን ብቻ ሰጥቶ ጥበቃውን የረሳ፣ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

አንዱን ኔትወርክ ለየክፍሉ በሚከፋፍለው ቪላን ላይ ብዙ አልቆይም። ከ1 እስከ 4094 ቁጥር ይቻላል፣ ፋብሪካው ሁሉንም ፖርት ቪላን 1 ውስጥ ይከታል፤ ሒሳብ ክፍሉም፣ እንግዳውም፣ ካሜራውም አንድ ላይ ማለት ነው። መከፋፈሉን ሁሉም ይማረዋል። የማደንቀው ቁጥሮቹ ሲናበቡ ነው፦ ቪላን 20 የሆነው ክፍል አድራሻው 10.1.20 ብሎ ሲጀምር፣ ቪላን 30 ደግሞ 10.1.30 ሲል። ሌሊት ተጠርቶ የመጣ እንግዳ ባለሙያ አንድ አድራሻ አይቶ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል።

በየፖርቱ ላይ የሚጻፈው ዲስክሪፕሽንም እንዲሁ ነው። «ወደ 3ኛ ፎቅ፣ ፓች ፓነል ለ፣ ቁጥር 14» የሚል መስመር ለትራፊኩ ምንም አይፈይድም፤ ማሽኑ ቢነሳበትም ባይነሳበትም ግድ የለውም። ሙሉ በሙሉ ለሰው የተጻፈ ነው። ባዶ ፖርቶች ሳይቀሩ ተዘግተው «ክፍት ቦታ» ተብሎ ሲጻፍባቸው፣ ሰውዬው አንድ በአንድ እንዳያቸው ይታወቃል።

ተማሪዎች ፓኬት ትሬሰር በሚባለው የልምምድ ፕሮግራም ላይ የአንድ ድርጅት ሙሉ ኔትወርክ በላፕቶፕ ይገነባሉ፤ ትእዛዞቹን ለመልመድ የሚተካከለው የለም። እዚያ ግን የሚናደድ ደዋይ የለም። ብዙ ቪላን በሚያሳልፈው መስመር፣ ማለትም ትራንክ ላይ፣ አዲስ ቪላን ሲጨምሩ «አድ» የምትለዋን አጭር ቃል ቢዘሉ፣ ሲስኮ ስዊች የቀድሞውን ዝርዝር ሰርዞ አዲሱን ብቻ ያስቀራል፤ በልምምድ ላይ ቀይ ነጥብ ናት፣ በሥራ ላይ ግን አንድ ፎቅ በሙሉ ከሥራ ውጪ ይሆናል።

ከሁሉም የሚያስደስተኝ ደግሞ በርቀት የሚሠራ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ሐዋሳ ያለውን ራውተር የሚያስተካክል ሰው አንድ የተሳሳተ መስመር ቢጽፍ ራሱ የገባበትን መንገድ ይቆርጣል፤ ቀጥሎ ያለው አውቶቡስ ነው። ስለዚህ ገና ምንም ሳይነካ «ሪሎድ ኢን 10» ይላል፦ ካላስቆምኩህ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተነሥ። አሁን የሚጻፈው ሁሉ በጊዜያዊው ሚሞሪ ላይ ነው፤ ራውተሩ ሲነሣ የሚያነበው የተቀመጠውን ነው። መንገዱ ከተቆረጠ ራውተሩ በሰዓቱ ተነሥቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ካልተቆረጠ ይፈትናል፣ ቀጠሮውን ይሰርዛል፣ በመጨረሻ «ራይት» ብሎ ያስቀምጣል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ማለትም ሳይፈትን ካስቀመጠ፣ ራውተሩ ሲነሣም የሚያነበው ያንኑ ስሕተት ነው። ማስቀመጡን ጨርሶ ከረሳ ደግሞ ዩፒኤስ ለወራት ይሸፍንለታል፤ መብራት ከባትሪው ዕድሜ በላይ የጠፋ ዕለት ግን የቅርንጫፉ ሰዎች የባለፈው ዓመት ኔትወርክ ላይ ያድራሉ።