የአባት ጠመንጃና የውርስ ሕግ

ባላገር አባት ሲሞት ጠመንጃው ከነዝናሩ ወደ ለቅሶው ይወጣል። ፎካሪው ይዞት የሟችን ሙያ ይቆጥርበታል፤ አልቃሹም እያየው ይብስበታል። ከተዝካሩ በኋላ ግን ያው ጠመንጃ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ዕዳው ተከፍሎ፥ ከብቱም ተቆጥሮ ለየወራሹ ከተደለደለ ወዲያ፥ «መሣሪያውስ የማን ይሁን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ልማድ የሚሰጠውን መልስ ሕግ ከሚሰጠው መልስ ጋራ አስተያይቶ፥ በሁለቱም ላይ ትችት ማቅረብ ነው።

በብዙ የገጠር ቤት የታወቀው መልስ «ለወንዱ ልጅ» የሚል ነው፤ ወንዶቹ ብዙ እንደ ሆኑ ለበኩሩ። ይህም ልማድ ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለም። በጥንቱ ዘመን የክተት ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ ባላገሩ ስንቁንና መሣሪያውን ይዞ ይወጣ ነበር። ስናድር፥ ውጅግራና ምንሽር የሚባሉት ስሞች ከባሕር ማዶ መጥተው በየቤቱ እንደ ቤተ ሰብ ስም የተለመዱት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ምክንያት ቢበዛ «መሣሪያው በማን እጅ ይሁን?» ለሚለው መልስ ይሆናል እንጂ «ዋጋው የማን ነው?» ለሚለው መልስ ሊሆን አይችልም። የልማዱ ስሕተት ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጎ መቍጠሩ ነው።

ይህንን ስሕተት በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ የሥጋ ዘመዴ ሦስት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ትተው ሞቱ። ሽማግሌዎቹ ምንሽሩን ለወንዱ ልጅ ሲሰጡ ከሌላው ሀብት ምንም ሳይቀንሱበት ነበር፤ ጠመንጃውም ከበሬዎቹ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያወጣ ነበር። ታላቂቱ እኅት «የኔስ ድርሻ?» ብላ ብትጠይቅ «አንቺ ጠመንጃ ተሸክመሽ የት ልትሄጂ ነው?» ተባለችና ሁሉም ሳቀ። ወንድምየውም ባባቱ ፈቃድ የሚይዝ እየመሰለው ወደ ሹም ሳይቀርብ ቀረ፤ ፍተሻ መጣ በተባለ ጊዜ ግን መሣሪያውን በጎታ ውስጥ ቀበረው። እንግዲህ በአንድ ቤት ሁለት በደል ተፈጸመ፤ እኅቶቹ ድርሻቸውን አጡ፥ ወንድማቸውም ሳያውቀው ሕግ ተላላፊ ሆነ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ842ኛው አንቀጽ ልጆችን አስቀድሞ ለውርስ ይጠራቸዋል፤ ድርሻቸውንም እኩል ያደርጋል፥ በወንድና በሴትም መካከል ልዩነት አያደርግም። በ3347ኛው አንቀጽ ደግሞ ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሽሯል። ስለዚህ «ልማዳችን ነው» የሚለው መከራከሪያ ከፍርድ ቤት ደጃፍ አያልፍም።

ለጉዳያችን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የ826ኛው አንቀጽ ነው። ውርሱ የሚሆነው የሟች መብትና ግዴታ ሁሉ ሳይሆን፥ በሞቱ ምክንያት የማይቋረጠው ብቻ ነው ይላል። እንግዲህ ጠመንጃ ምንድን ነው? ለኔ እንደሚመስለኝ በውስጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ብረቱና ሰደፉ፥ ማለት ተሽጦ ገንዘብ የሚያወጣው ሀብት ነው፤ ይህ በሞት አይቋረጥም። ሁለተኛው የመያዝ ፈቃድ ነው። መንግሥት ፈቃድ የሚሰጠው የሰውየውን ጠባይና አእምሮ መርምሮ ስለ ሆነ ይህ ከሰውየው ጋራ ይቀበራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል፥ በ996ኛው አንቀጽ መሠረት ከፍርድ ቤት የሚገኘው የወራሽነት ማስረጃ የሀብቱን ባለቤት ያሳውቃል እንጂ የፈቃድን ቦታ አይተካም።

ይህ አከፋፈል የኔ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስል የሌሎችን አገሮች ሕግ ማየት ይገባል። በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች 1968 የወጣው ሕግ በሰባተኛው ክፍል ፖሊስ ጊዜያዊ ወረቀት እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ በዚህም የሟችን ንብረት የሚያስተዳድረው ሰው ጉዳዩ እስኪያልቅ መሣሪያውን ያለ ጥፋት ሊይዝ ይችላል። የጀርመን ሕግ ደግሞ ወራሹ ውርሱን ከተቀበለ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያመለክት ያዛል፤ በመሣሪያው የሚገለገልበት በቂ ምክንያት ከሌለው፥ ከ2008 ወዲህ፥ እንዳይተኵስ ልዩ መቈለፊያ ይደረግበታል። የአባቱን መታሰቢያ አልተነጠቀም፤ ነገር ግን መታሰቢያው ሰው አይገድልም። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 «ሄንደርሰን» በተባለው ጉዳይ እንደ ፈረደው፥ በወንጀል ምክንያት መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ሰው እንኳ የባለቤትነቱ ጥቅም ፈጽሞ አልጠፋም፤ በመሣሪያው ላይ ሥልጣን እስካልቀረው ድረስ በሌላ እጅ እንዲሸጥለት ሊጠይቅ ይችላል። በሦስቱም አገሮች ሀብቱና መያዙ ተለያይተዋል ማለት ነው።

ሆኖም እንዳለ መቅዳት አይገባም። የጀርመኑ መቈለፊያ በባለሙያ የሚገጠም ስለ ሆነ፥ ዋጋው ካንድ አሮጌ ውጅግራ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ለባላገር የሚቀርበው የእንግሊዙ ጊዜያዊ ወረቀት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የውርስ አጣሪን ሥራ በሰፊው ስለ ደነገገ፥ ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው አዲስ ፍለጋ አያሻውም።

አንዳንድ ሰዎች «የአባት ጠመንጃ ክብር ነው እንጂ ዕቃ አይደለም፥ በብር አይተመንም» ይላሉ። ክብርነቱን አልክድም፤ ነገር ግን ክብር ከሆነ የአባትየው ክብር ለሴት ልጁም ይደርሳታል። ሌሎች ደግሞ «ባለቤቱ ሲሞት መንግሥት ይውረሰው» ይላሉ። ይህ ቢደረግ ወራሹ ሞቱን እንጂ መሣሪያውን አያስታውቅም፤ ጎታውም ሙሉ ይሆናል።

ስለዚህ ከመሣሪያ ጋራ ለሚመጣ ውርስ ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል እላለሁ። መጀመሪያ፥ ሞቱን በወቅቱ ለሚያስታውቅ አጣሪ ወይም ወራሽ ቅጣት የማያስከትል ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠው። ሁለተኛ፥ የጠመንጃው ዋጋ ተገምቶ ከጠቅላላው ውርስ ጋራ ይደመር፤ ፈቃድ አግኝቶ የሚይዘው ልጅ ዋጋው ከድርሻው ይታሰብበት፥ ከድርሻው ከበለጠም ትርፉን ለእኅት ለወንድሞቹ ይክፈል። ሦስተኛ፥ ለፈቃድ የሚበቃ ወራሽ ካልተገኘ መሣሪያው ፈቃድ ላለው ሰው ተሸጦ ገንዘቡ እኩል ይከፈል።

ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት እንኳ ሽማግሌዎቻችን ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። በሬው ሲገመት ጠመንጃውም አብሮ ይገመት። «የኔስ ድርሻ?» ብላ የጠየቀችው ልጅ ጠመንጃ መሸከም አልፈለገችም፤ የጠየቀችው የአባቷ ልጅ ተብላ እንድትቈጠር ነበር።