ከዋጋው በፊት ትከሻው

እንግሊዝ አገር ሾትገን መተኮስ ለመጀመር የተነሣ ሰው ዘወትር የሚጠይቀኝ «ስንት ፓውንድ ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄውን አልነቅፍም፤ ገንዘብ ተርፎት ወደዚህ ተኩስ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። እንደ አሠልጣኝ ግን ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ዓይኑንና ትከሻውን ማየት እፈልጋለሁ። በጠባብ በጀት የሚገዛ ሰው ቶሎ ሁለተኛ ጠመንጃ መግዛት ስለማይችል፣ የመጀመሪያው ልኩ መሆን አለበት።

አብዛኞቻችን ጠመንጃ ሲባል የምናስበው ምንሽር ወይም አልቤን ነው፤ አንድ ጥይት፣ የቆመ ዒላማ፣ ትንፋሽ ውጦ ማነጣጠር። ሾትገን በዚህ መንገድ አይተኮስም። አንዱ ጥይት ሲፈነዳ ከ300 በላይ ጥቃቅን እርሳሶች ይበተናሉ፤ ዒላማው ደግሞ በአየር ላይ የሚከንፍ፣ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሸክላ ዲስክ ወይም ክንፉን ዘርግቶ የሚመጣ ፌዛንት የተባለ ወፍ ነው። ተኳሹ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ የሚበረውን ብቻ እያየ አፈሙዙን አብሮት ያስኬዳል፣ ይቀድመዋል፣ ምላጩን ይስባል፣ ከተኮሰም በኋላ እጁን አይገታም። ዓይኑን ከዒላማው አንሥቶ ወደ አፈሙዙ ከመለሰ እጁ ይቆማል፤ ጥይቱም ከኋላ ያልፋል።

ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም። ያንን ሥራ የሚሠራው ጉንጭ በሰደፉ ላይ ሲያርፍ የዓይን አቀማመጥ ነው። ሰደፉ ከረዘመ ብብት ሥር ይጠልፋል፤ ካጠረ የቀኝ እጅ አውራ ጣት አፍንጫን ይመታል። የሰደፉ ጀርባ ዝቅ ካለ ተኳሹ ጉንጩን ማንሣት ይገደዳል፣ እርግጫውም ጉንጩን ያቆስለዋል። በዚህ ረገድ ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው፤ የሌላ ሰው ልክ ቢያምርም አያስኬድም። በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ የወጣበት ጠመንጃ ይዘው፣ ከክለቡ የተዋሰውን አሮጌ መሣሪያ በያዘ ጎረቤታቸው የሚበለጡ ተኳሾችን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ዓይንም አለ። መፈተኛው ሁለቱንም ዓይኖች ከፍቶ ሩቅ ወዳለ ነገር በጣት መጠቆም፣ ከዚያ አንድ በአንድ መጨፈን ነው። ጣቱ በቦታው የሚጸናለት ዓይን ገዢው ዓይን ይባላል። በቀኝ ትከሻቸው እየተኮሱ ግራ ዓይናቸው የሚገዛ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ በሴቶች ዘንድ ደግሞ ይበዛል። መፍትሔው ወይ በግራ ትከሻ መተኮስ ነው፣ ወይም በመነጽሩ ግራ መስተዋት ላይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ። ይህ ሳይታወቅ የግራኝ ወይም የቀኝ ሰደፍ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ደግነቱ፣ ለመሞከር ጠመንጃ መግዛት አያስፈልግም። የእንግሊዝ የጦር መሣሪያ ሕግ (እ.ኤ.አ. የ1968ቱ) ፖሊስ በፈቀደው የሸክላ ተኩስ ሜዳና ሰዓት፣ የግል ፈቃድ የሌለው ሰው በሜዳው ጠመንጃ እንዲተኩስ ይፈቅዳል። ብዙ ሜዳዎች ጠመንጃውንም አሠልጣኙንም ያከራያሉ። የራስን ጠመንጃ ለመያዝ የሚያስፈልገው የፖሊስ ፈቃድ እስኪመጣ የሚያልፈውን ጊዜ ልዩ ልዩ ጠመንጃዎችን በትከሻ ለመመዘን ያውሉት።

ስለ አፈሙዝ ስፋት ብዙ አልከራከርም፤ 12 ቁጥር ይሁን። (ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል።) ጥይቱ በየትም ይገኛል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይረክሳል። «ሰውነቴ ቀጭን ነው፣ 20 ቁጥር ይሻለኛል» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን 20 ቁጥር ጠመንጃ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ እርግጫው አይቀንስም። ባለ 12 ቁጥሩን በ21 ወይም በ24 ግራም ጥይት መተኮስ ለትከሻ ይራራል።

ሸክላንም አደንንም በአንድ ጠመንጃ ለሚሠራ ሰው አፈሙዞቹ ከላይና ከታች የተደራረቡበትን እመርጣለሁ። ጎን ለጎን የሆኑት ለአደን ያማሩ ናቸው፤ ለጀማሪ ሸክላ ተኳሽ ግን ቀላልነታቸው ይጎዳዋል። ራሱን የሚያጎርሰው ሰሚ አውቶማቲክ እርግጫው ለስላሳ፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ሆኖም ብዙ አዳኞች ተሰልፈው በሚቆሙበት የፌዛንት አደን ላይ አይወደድም፤ ተደራራቢው ለሁለት ተሰብሮ ሲንጠለጠል ባዶ መሆኑን ሁሉም ከሩቅ ያያል፣ በሰሚ አውቶማቲኩ ይህ አይታይም። ክብደቱን በተመለከተ፣ የሸክላ ጠመንጃ 3.5 ኪሎ ያህል ቢመዝን አፈሙዙ ሳይወዛወዝ ይሄዳል፤ ሙሉ ቀን ይዞት ለሚራመድ ግን 3.2 ይበቃል። በመካከሉ ያለውን መምረጥ ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ እንነጋገር። በ1,000 ፓውንድ ገደማ ያገለገለ ቤሬታ ወይም ሚሮኩ ይገኛል። ቤሬታ በጣሊያን ጋርዶኔ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1526 ጀምሮ አፈሙዝ ሲሠራ የኖረ ቤት ነው፤ ሚሮኩ ደግሞ የብራውኒንግን ጠመንጃዎች የሚሠራ የጃፓን ፋብሪካ ነው። አዲስ የቱርክ ጠመንጃ ከዚያም ባነሰ ይገዛል፣ ከእነርሱም የማከብራቸው አሉ። እኔ ግን ያገለገለውን እመርጣለሁ፤ መለዋወጫው አይጠፋም፣ ሲሸጥም ዋጋው ብዙ አይወርድም።

ያገለገለ ጠመንጃ ሲገዛ ፍተሻው ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ የፊት እንጨቱን አውልቆ አፈሙዙንና ሰደፉን ይዞ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ። መገጣጠሚያው ላይ እንቅስቃሴ ከተሰማ ጠመንጃው ላልቷል። ላይ ያለው መክፈቻ በአዲስ ጠመንጃ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ በተተኮሰ ቁጥር ወደ መሐል፣ ከዚያም ወደ ግራ ይሄዳል። አፈሙዞቹን ለብቻ አንጠልጥሎ በጣት አንጓ ማንኳኳትም አለ፤ የሚያያይዛቸው ብረት በደንብ ከተበየደ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ከተላቀቀ ድምፁ ይታፈናል። ወደ ብርሃን ዞሮ ውስጡን ማየት፣ ዝገት የበላው ጉድጓድ ወይም የተጎዳ ቦታ መፈለግ። በመጨረሻ የለንደን፣ የበርሚንግሃም ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው መፈተሻ ቤት ማኅተም ማየት ነው፤ አፈሙዙ የባሩድን ግፊት መቻሉ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

አንድ ነገር በተለይ አሳስባለሁ። እርሳስ ወፎችን ስለሚመርዝ በእንግሊዝ ለውኃ ወፍ አደን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተከልክሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ መንግሥት ክልከላውን እንደሚያሰፋ አስታውቋል። ስለዚህ ዛሬ የሚገዛው ጠመንጃ በእርሳስ ምትክ የሚገባውን የብረት ጥይት የሚችል ይሁን። ለከባዱ የብረት ጥይት የተፈተነው ፍለር ደ ሊ የሚባል የአበባ ማኅተም አለበት። ቀለህ የሚገባበት ክፍሉ 65 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የቆየ የእንግሊዝ ጠመንጃ በርካሽ ሲቀርብ ብዙዎችን ያጓጓል። ለጀማሪ አልመክረውም፤ የዘመኑ 70 ሚሊ ሜትር ጥይት ገብቶበት ቢተኮስ አደጋ ነው።

ካለው ገንዘብ ሁሉንም ለጠመንጃው የሚያውል ሰው ተሳስቷል። የብረት ካዝና፣ የፈቃድ ክፍያ፣ የጆሮ መከላከያ፣ ከሁሉም በላይ ጥይትና ትምህርት ይቀራሉ። በርካሽ ጠመንጃ ብዙ የተለማመደ በውድ ጠመንጃ አልፎ አልፎ ከሚተኩስ ይሻላል።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ሻጩን «ሜዳ ላይ 25 ሸክላ አስተኩሰኝ» ይበሉት። ጠመንጃውን የሚያምን ሻጭ እሺ ይላል። እንቢ ካለዎት ገንዘብዎን ይዘው ወደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።