የጣናን ዓሣ ጤንነት ስለ መመርመር

የዓሣን ብዛትና ጤንነት መርምሮ መመስከር ሙያው የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ ጀልባ ሞልቶ ወደብ መግባቱ የባሕሩ መሙላት ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ነው። እኛ የምናየው ባሕሩ የያዘውን ሳይሆን መረቡ የመረጠልንን ብቻ ነውና፤ ከመረቡ ዓይን የሚያንሰው ሾልኮ ያልፋል፥ ከልኩ የሚበልጠውም ራሱን ማስገባት አቅቶት ይመለሳል። ስለዚህ መርማሪው፥ ዓይናቸው ከጠባብ እስከ ሰፊ የተለያየ መረቦችን በየዓመቱ በዚያው ስፍራ፥ በዚያው ወር፥ ለዚያው ያህል ሰዓት እየዘረጋ፥ ከነጋዴው ገበያና ከአስጋሪው ዕድል ነጻ የሆነ መዝገብ ማቆየት ግዴታው ነው።

ይህ ጥንቃቄ በየትኛውም ውኃ የሚያስፈልግ ቢሆንም በጣና ላይ ግን እጥፍ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ምድር ሸፍኖ የተንጣለለው ይህ የሰሜን ሐይቅ፥ ስፋቱን ለሚያይ ሰው ጥልቅ ቢመስልም፥ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፥ እጅግ የጠለቀው ስፍራም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነፋሱ ውኃውን ስለሚያማታው ምግቡና አየሩ በሁሉ ይዳረሳል፤ ዳሩ ግን ያው የጥልቀት ማነስ ዓሣው ከሰው እጅ የሚሸሸግበትን ማኅደር ነስቶታል። ደግሞም ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሐይቁን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ ስላቆያቸው፥ አስጋሪዎች በጅምላ ነጭ ዓሣ የሚሏቸው፥ ሊቃውንት ግን በ15 የለዩዋቸው ዘሮች አብዛኞቹ በዚህ ሐይቅ ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ ከእነርሱም ስምንቱ፥ እንደ ወገናቸው ሁሉ አፋቸው ጥርስ አልባ ሆኖ ሳለ፥ ሌሎች ዓሦችን እያደኑ ይኖራሉ። ከዚህ የጠፋ ዘር ከወዴትም አይተካም።

የምርመራው ሥራ ራሱ፥ ለሚያየው ሰው፥ የሚያሰለች ነው። ዓሣው በመለኪያ ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል፥ ይመዘናል፥ ሆዱ ተከፍቶ እንቁላሉ ወይም ነባዘሩ የደረሰበት የብስለት ደረጃ ይጻፋል። ውርጭና በረዶ ባለባቸው አገሮች ዕድሜን ከቅርፊትና ከጆሮ አጥንት ላይ እንደ ልብ ማንበብ ሲቻል፥ በእኛ አገር ምልክቱ ደብዛዛ ስለሆነ፥ ብዙውን ጊዜ የምንደገፈው በርዝመት ላይ ነው። ክብደቱ ከርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር ዓሣው የከሳ ቢሆን፥ ነገሩ ስለ ምግቡ ይናገራል፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ወፍረውና አምረው ሳለ ከእነርሱ በታች የሚገባው መካከለኛና ታናሽ ርዝመት ከመዝገቡ ቢጐድል፥ ያ ባሕር በዛሬው ጥጋብ ሥር የነገውን ትውልድ ያጣ ባሕር ነው። የሙያው ምሥጢር፥ ከተያዘው ይልቅ መያዝ ሲገባው ያልተገኘውን ማስተዋል ነው።

ይህም ማስተዋል ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በወንዞች አፍ ላይ ነው። ቆሮሶ የተባለው የዓሣ ዘር በሐይቁ ዳር ዳር ይራባል፥ እናቲቱም እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ጉዳቱን ፈጥኖ ይጠግናል፤ ከነጭ ዓሦች ግን ሰባቱ ዘሮች፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ወራት፥ በጉማራ፥ በርብ፥ በመገጭና በመሳሰሉት ወንዞች አፍ ተሰብስበው፥ ጠጠር ወዳለበት ወደ ላይኛው ወኅዝ ወጥተው ይወልዳሉ። በዚያ ሰዓት መረቡን ከወንዙ አፍ የዘረጋ አስጋሪ፥ የዘሩ ጠቅላላ ቍጥር በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የቀረው ሁሉ በአንድ ስፍራ ስለሚከማች፥ እንደ አምናው ያጠምዳል፤ በእርሱ መያዝ የሚፈርድ መርማሪም ደኅና ነው ብሎ ይመሰክራል። የሐይቁ ዳር ነዋሪ ሕዝብ የሆኑት ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩበት በኖሩት ሐይቅ ላይ፥ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገቡ በኋላ፥ ከ1991 እስከ 1993 የተያዘው መዝገብ ከ1999 እስከ 2001 ከተያዘው ጋር ሲመሳከር፥ በወንዝ የሚወልዱት ነጭ ዓሦች በክብደት በ75 በመቶ ገደማ፥ ታናናሾቹም በ90 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኝተዋል። የታናናሾቹ ኪሳራ ከትልልቆቹ መብለጡ፥ ጉዳቱ ያለው በመውለጃው ላይ መሆኑን ያመለክታል።

እንግዲህ ጥልቀት መጠጊያ ላልሆነው ዓሣ የቀረለት መጠጊያ ጊዜ ነው፤ መረብም እንደ ሰው የሚጾምበት ወራት ያስፈልገዋል። ነገሩን የሚያከብደው፥ ዓሣን በጾም ስለ መብላት አስተያየቱ አንድ ባይሆንም፥ በጾም ወራት የዓሣ ገበያ መድራቱና ጾመ ፍልሰታም በነሐሴ፥ ዓሣው ወንዝ በሚወጣበት ጊዜ ላይ መዋሉ ነው። ሕግ የለም አይባልም፤ በ1995 ዓ.ም. ስለ ዓሣ ሀብት አዋጅ ቍጥር 315 ወጥቷል። ሆኖም የክረምቱን እንጀራ ከወንዝ አፍ የሚያገኝ አስጋሪ፥ ሌላ መተዳደሪያ ሳይሰጠው ታቀብ ቢባል፥ ትእዛዙን በቀን ሰምቶ በሌሊት ቢያፈርሰው አያስደንቅም። ስለዚህ መርማሪው ምስክርነቱን ሲያቀርብ፥ የትኛው ወንዝ አፍ በየትኛው ወር ይዘጋ ብሎ ብቻ ሳያበቃ፥ የመዝጊያው ዋጋ ስንት እንደ ሆነና ከአስጋሪው ጋር ማን ሊከፍለው እንደሚገባ አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል፤ ዓሣውን የሚበላው ከተሜ ከዕዳው ነጻ የሆነበት ፍርድ ርትዕ የጐደለው ነውና፥ ከአንድ ክረምት በላይም አይጸናም።