«ማስወገድ» እና «መጫን» በተባሉት ሁለት ቃላት አጠቃቀም ላይ የቀረበ ሂስ

በኮምፒዩተር ላይ የሚሰኩና የሚነቀሉ ተቀጥላ መሣሪያዎችን በሚመለከቱ የአማርኛ ትርጉሞች ዘንድ ሁለት ቃላት ከአቅማቸው በላይ ተጭነዋል፤ እነርሱም «ማስወገድ» እና «መጫን» ናቸው።

«አስወገደ» በአማርኛ የማይፈለገውን ነገር ማራቅ፣ መጣል፣ ማጥፋት ነው። ቆሻሻ ይወገዳል፤ አደጋም ይወገዳል። ስለዚህ የደከመበትን ጽሑፍ በፍላሽ ዲስክ የያዘ ሰው «መሣሪያውን አስወግድ» የሚል ትእዛዝ በመስኮቱ ላይ ባየ ጊዜ ጽሑፉ የሚጠፋበት ቢመስለው አይፈረድበትም። ትእዛዙን ፈርቶ ይተወውና ዲስኩን በእጁ ይነቅለዋል። ጉዳቱ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ሥርዓተ ክወናው ሥራውን ለማፋጠን ሲል እንዲጻፍ የታዘዘውን መረጃ ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ዲስኩ ላያደርስ ይችላልና፤ ለጥቂት ጊዜ በማኅደረ ትውስታ ያቆየዋል። እንግዲህ ጽሑፉን እንዲጠብቅ የተቀመጠው ትእዛዝ በቃል አመራረጥ ምክንያት ለጥፋቱ ሰበብ ይሆናል።

ይህ ስሕተት የአማርኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ዲስክን ለማስወጣት ሥዕሉን ወደ ቆሻሻ መጣያው ሥዕል መጎተት ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰውም ፋይሎቹ የሚደመሰሱ እየመሰለው ይሰጋ ነበር። በኋላ በማክ ኦኤስ ኤክስ ዲስክ በሚጎተትበት ጊዜ የመጣያው ሥዕል ወደ ማስወጫ ምልክት እንዲለወጥ ተደረገ።

የ«መጫን» ችግር ከዚህ ይለያል። አንዱ ቃል ፕሮግራምን ለማስገባት፣ ቁልፍን ለመንካት፣ ፋይልን ወደ መረብ ለመላክ፣ በመጨረሻም የዲስክን ይዘት ከፋይሎች ሥርዓት ጋር ለማገናኘት ያገለግላል። በዚህ አያያዝ «ዲስኩን ለመጫን ቁልፉን ይጫኑ» ብሎ መጻፍ የሚያስነቅፍ አይሆንም። ተቃራኒ እንፈልግለት ቢባልም «ማውረድ» ፋይልን ከመረብ ለማምጣት፣ «ማራገፍ» ደግሞ ፕሮግራምን ለማውጣት ቀድመው ተይዘዋል።

እንግሊዝኛው «ማውንት» የተባለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1971 በተጻፈው የዩኒክስ መመሪያ ይገኛል። በዚያ ዘመን የኮምፒዩተሩ ሠራተኛ ከባዱን የዲስክ ጥቅል አንሥቶ በማዞሪያው ላይ በእርግጥ ይገጥመው ነበርና ቃሉ ከእጅ ሥራ ወደ ረቂቅ ተግባር ተሸጋገረ። (ተቃራኒው «ዩማውንት» ተብሎ አንድ «ን» ጎድሎት እስከ ዛሬ መኖሩ ለቃል አጥኚ ደስ የሚያሰኝ ነው።) በእኛ አስተያየት «መግጠም» ይህንኑ መንገድ በአማርኛ ሊከተል ይችላል፤ ተቃራኒውም «ማላቀቅ» ይሁን።

ይህን ስንል የእጁ ሥራና የሥርዓቱ ሥራ መለየት አለባቸው። የዩኤስቢ መሣሪያ በተሰካ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በመረጃ መስመሩ ላይ የሚደርስ የቮልቴጅ ለውጥ ነው፤ ከዚያ አስተናጋጁ ኮምፒዩተር ለመሣሪያው አድራሻ ይሰጠዋል፣ ማንነቱንም ይጠይቀዋል፤ ዲስክ ከሆነ ይዘቱ የሚገጠመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለሆነም ሰው ይሰካል ይነቅላል፤ ሥርዓተ ክወናው ይለያል፣ ይገጥማል፣ ያላቅቃል።

በ«አስወግድ» ፈንታ የምናቀርበው ቃል «አሰናብት» ነው። ጨዋ አስተናጋጅ ከእንግዳው ጋር የጀመረውን ነገር ሳይጨርስ አያሰናብትም፤ ትእዛዙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የቀረውን ይጽፋል፣ ያላቅቃል፣ ከዚያ መንቀል መቻሉን ይናገራል። ሠራተኛን ከሥራ ማስወጣትም «ማሰናበት» ይባላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም የተሰናበተ ሠራተኛ ከነንብረቱ ይሄዳል እንጂ አይደመሰስም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ከዊንዶውስ 10 እትም 1809 ወዲህ ለውጭ ዲስኮች ፈጣን ነቀላ መደበኛ ሆኗልና ቃሉ አያስፈልግም የሚል ቢኖር፣ ያ አሠራር የሚጻፍ ነገር በመሐል ሳለ ለሚነቅል ዋስትና አይሰጥም፤ በሊኑክስም መረጃን አቆይቶ መጻፍ አልቀረም። ሳይሰናበት ለሚወጣው መሣሪያ «ድንገተኛ ነቀላ» ይበቃል።

የቀረው «መሣሪያው ሥራ በዝቶበታል» የሚለው መልእክት ነው። መሣሪያው አልደከመም፤ አንድ ፕሮግራም ፋይል ከፍቶበታል። «በመሣሪያው ላይ የተከፈተ ፋይል ስላለ ሊላቀቅ አልቻለም» ቢባል አንባቢው የትኛውን መስኮት መዝጋት እንዳለበት መፈለግ ይጀምራል።