ጦቢያና የተዋሰችው ልብስ

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ የክፍል ጓደኛችን፣ «በአማርኛ ልቦለድ የመጀመሪያዋ ነፃ ሴት ጦቢያ ናት» ብሎ ሲከራከር፣ ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ «ነፃማ ከሆነች የወንድ ልብስ ምን አስፈለጋት?» አለችው። ቦሌ እስክንደርስ መልስ አላገኘም። እስቲ እኔ ልሞክር።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፉን «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ በ1900 ዓ.ም. ሮም አሳተመው፤ «ጦቢያ» የተባለው በኋላ ነው። ታሪኩ ክርስቲያኖችና ደራሲው «አረመኔ» የሚላቸው በሚዋጉበት ዘመን የተፈጸመ ነው። የጦር አለቃው አባቷ ተማርኮ ሳለ አንድ የማያውቁት ነጋዴ በገንዘቡ ያስለቅቀዋል። መንትያዋ ዋሕድ ባለውለታውን ፍለጋ ወጥቶ ሲቀር፣ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች።

ይህ ድፍረት አይደለም የሚል ካለ መጽሐፉን አላነበበም። በአገራችን የመጀመሪያው የመንግሥት የሴት ልጆች ትምህርት ቤት የተከፈተው እንኳ ከዚያ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ታዲያ ልብ እንበል። ወንድ መስላ ሳለች የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወጣት ሳይቀር ታፈቅራታለች። ልቧም፣ ጉልበቷም፣ እግሯም ያው የጦቢያ ነው፤ የተለወጠው ጨርቁ ብቻ ነው። እንግዲህ ደራሲው አስቦትም ይሁን ሳያስበው፣ አጥሩ ያለው በሴቲቱ አካል ሳይሆን በተመልካቹ ዓይን መሆኑን አሳይቶናል። የመጽሐፉ ትልቅ ነገር ለእኔ ይህ ነው።

ድክመቱም እዚያው አጠገብ ነው። ሴትነቷ ሲገለጥ ጀብዱዋ ያበቃል። ንጉሡ ይወዳታል፣ ክርስትናን ይቀበላል፣ ያገባታል፤ አለቀ። በሴት ልብሷ አንድ ጋት መንገድ አልሄደችም። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልን ከቤት ያስወጣት የመነኩሴ ልብስ አልብሶ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ልብስ መዋስ!

በደራሲዎቹ ብቻ ግን አንፍረድ። እኛስ? አንዲት ተማሪ ስብሰባ ላይ ደፍራ ስትናገር «ወንዳታ!» እንላታለን። ማመስገናችን ነው፤ ግን የጦቢያን ልብስ መልሰን ማልበሳችንም ነው። የታክሲዋ ልጅ ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ ልብሱን የፈለግነው እኛ ነን እንጂ ጦቢያስ አላስፈለጋትም።