ቱሉ ጉዶ፦ ታቦቱ ከሄደ በኋላ የቀሩት

ስለ ዝዋይ ደሴቶች የሚጻፈው ሁሉ አንድ ወግ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ ከሐይቁ ደሴቶች በትልቁ፣ በቱሉ ጉዶ ሸሸጉት፤ ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ አገር ሲረጋጋ ወደ ቦታው ተመለሰ። አለቀ። አስጎብኚውም፣ የቱሪስት መጽሔቱም፣ የኛው ጓደኞችም ከዚህ አያልፉም። ደብረ ጽዮን ማርያም በዚህ አተራረክ የአደራ ዕቃ ማስቀመጫ ትሆንና ትቀራለች። ባለቤቱ መጥቶ ዕቃውን ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሺህ ዓመት ማን ይጠይቅ?

ወጉን ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም ከመሬት አልተነሣም፤ ዓረባዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል እ.ኤ.አ. በ10ኛው መቶ ዘመን የሐበሻን ንጉሥ ገድላ አገር ስለ ያዘች ንግሥት ጽፏል። የኔ ክርክር ከአነባበባችን ጋር ነው።

አንድ ማስረጃ እንይ፤ ቋንቋውን። የደሴቶቹ ሰዎች፣ ዛዮች፣ የሚናገሩት ሴማዊ ቋንቋ ነው። የአክሱም ካህናት ዘር ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ቋንቋቸው ለትግርኛ ይቀርባል ብለን በጠበቅን ነበር። ነገር ግን ዛይኛ የሚዛመደው ከስልጢኛና ከወለንኛ፣ ራቅ ሲልም ከሐረሪ ጋር ነው። ይህ እንግዲህ ወጉን ውሸት አያደርገውም፤ ጎዶሎ ግን ያደርገዋል። የዛዮች የራሳቸው ትውፊትም ቢሆን ሰው ወደ ደሴቶቹ የገባው በአንድ ጊዜ ነው አይልም፤ በ16ኛው መቶ ዘመን በአህመድ ግራኝ ጦርነት ጊዜ የሸሹም አሉበት። ውኃው የብዙዎች መጠጊያ ነበር ማለት ነው። ከአክሱም የመጣውን ብቻ ስንቆጥር ከጎረቤት የመጣውን እናስቀረዋለን።

ወደ ሕንፃው እንምጣ። ቱሉ ጉዶ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ነው። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን የነበረው አናቱ ላይ ሲሆን ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ምእመናን የሚያስቀድሱበት ከዚያ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ዕድሜው ቅርብ የሆነ ቤት ነው። ላሊበላን አስቦ የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል። ቅር የሚለው ግን ድንጋይ ሊያይ ስለ ሄደ ነው! የደብሩ ሀብት በእጅ የሚያዝ ነው፤ ብራናዎቹ። ጣራ አርጅቶ ሲወድቅ፣ ቦታ ሲለወጥ፣ መጻሕፍቱ ከሰው ጋር ወርደዋል።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ አየርላንድ። በሻነን ወንዝ ዳር፣ በገጠር፣ ክሎንማክኖይስ የሚባል ገዳም አለ። በ6ኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ኪያራን መሠረተው፤ ካቴድራሉ በ909 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ፍላንና በአበምኔቱ ኮልማን ተሠራ። በ1552 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ወታደሮች ዘረፉት፤ ዛሬ ግድግዳው ቆሞ ጣራ የለውም። እዚያ በ1100 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈ፣ የዳለቻ ላም መጽሐፍ የሚባል ብራና ነበር፤ በኪያራን ላም ቆዳ ላይ ተጻፈ ይባላል። ኪያራን ከሞተ ግን ያኔ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል! ታዲያ አየርላንዶች ዘመኑ አልገጠመም ብለው አልጣሉትም፤ ላሚቱን ብቻ እያወሩም አልተቀመጡም። የጥንት ትረካቸውን በገዛ ቋንቋቸው የሚያነቡት ከዚያ ነው። መጽሐፉ ዛሬ ደብሊን ነው። እነሱ ዘንድ ድንጋዩ ቀረ፣ መጽሐፉ ሄደ። እኛ ዘንድ ድንጋዩ ፈረሰ፣ መጽሐፉ ቀረ።

ልዩነቱ ሌላም ነው፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የቱሉ ጉዶ ብራናዎች የግዕዝ ናቸው። ጠባቂዎቹ ዛይኛ ይናገራሉ፤ ዛይኛ ደግሞ ለዘመናት የጽሕፈት ቋንቋ ሳይሆን ኖሯል። ተናጋሪው ጥቂት ሺህ ሰው ነው። ምኒልክ አርሲን ካስገበሩ፣ ማለትም ከ1886 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ብዙ ዛይ ከደሴት ወጥቶ በመቂና በዝዋይ (በዛሬዋ ባቱ) ዳርቻ ሰፍሯል። የሐይቁ ዳር ልጅ ኦሮምኛና አማርኛ ይዞ ያድጋል፤ ለኑሮው ያስፈልገዋልና ማንም አይፈርድበትም። በደሴቱ ዳገት ላይ በድንጋይ የተካበው እርከን፣ ከሐይቁ ተክል የሚታሰረው ታንኳ፣ የዓሣው ስም፣ የነፋሱ ስም በዚያ ቋንቋ ነው የሚጠራው። የሰው ብራና ስንት ዘመን የጠበቀ ሕዝብ የራሱ ነገር የሰፈረበት አንድ ገጽ ስንት ቦታ ይገኛል?

ታቦቱ እዚያ ነበር አልነበረም እያልን ሻይ ቤት እስከ ማታ እንከራከራለን። ከናዝሬት በሞጆና በመቂ አድርጎ ባቱ መድረስ የግማሽ ቀን ነገር ነው፤ ከዚያ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከመካከላችን ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ አላችሁ። በዛይኛ ተረት የምትነግር አያት ያለችው ሰው ለዕረፍት ሲሄድ ደብተር ይያዝ፤ ስለ ታቦቱ ብትጀምርለት ይስማት፣ ስትጨርስ ደግሞ ሌላ ይጠይቃት።