ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በድረ ገጽ መግቢያ ላይ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጨመር የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ይለፍ ቃሉን የሰረቀ ሁሉ ወዲያው አይገባምና። ነገር ግን ብዙዎች ማረጋገጫውን በስልክ አጭር መልእክት ይልካሉ፤ ሂሳችንም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ተታሎ ቁጥሩን ወደ ሌላ ሲም ካርድ ቢያዛውረው፥ መልእክቱ ለሌባው ይደርሳል። ሬዲት የተባለው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. በተደፈረ ጊዜ ዋናው መንገድ የአጭር መልእክት ጠለፋ እንደ ነበረ ራሱ አስታውቋል።

ከዚህ የሚሻለው በ2011 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 6238 በተባለው ሰነድ የተገለጸው ዘዴ ነው። ሰርቨሩና ስልኩ አንድ ምሥጢር ይካፈላሉ፤ ከምሥጢሩና ከሰዓቱም፥ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሴኮንዱ የሚለወጥ ባለ 6 አኀዝ ቁጥር እያንዳንዳቸው ያሰላሉ። ስለዚህ በመንገድ የሚጠለፍ መልእክት የለም። ሰነዱ አንድ ጊዜ የሠራ ቁጥር ዳግመኛ እንዳይሠራም ያዛል። ሆኖም ቁጥሩን በሐሰተኛ ገጽ ላይ የጻፈ ሰው በዚያው ቅጽበት ሊዘረፍ ስለሚችል፥ ዘዴው ከነቀፋ አያመልጥም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን «ይለፍ ቃሌን ረሳሁ» በሚለው በኩል የሚገባው ነው። በኢሜይል ብቻ ሁለቱንም ቁልፎች የሚያስለውጥ ሥርዓት፥ የፊት በሩ በሁለት ቁልፍ ተቆልፎ የጓሮ በሩ ክፍት እንደ ቀረ ቤት ነው። ስልኩ ለጠፋበት ሰው የመጠባበቂያ ቁጥሮችን በወረቀት አስቀድሞ መስጠት ይገባ ነበር። እንግዲህ ይህን ሥራ የሚሠሩ ጓደኞቻችን የቁልፎቹን ብዛት ከመቍጠራቸው በፊት፥ አንዱ ቢሰረቅ ሌላው ብቻውን ይጸና እንደ ሆነ ይመርምሩ።